ያገለገለ ሚክስት ሳይክል ስንገዛ፦ የፈረንሳይ፣ የጃፓን፣ የእንግሊዝ ወይስ አዲስ?

ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ «የሴት ሳይክል፣ አሮጌ፣ ይሠራል» ብቻ ይላል። ፎቶውን ሲያዩት ግን ከመሪው ሥር ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይነሳሉ፤ የኮርቻውን ቱቦ ግራና ቀኝ አቅፈው ያልፋሉ፤ ከዚያም ቀጥ ብለው እስከ ኋላ ጎማው እምብርት ይወርዳሉ። ይህ ሚክስት ነው። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፣ «ድብልቅ» ማለት፤ ወንዱም ሴቷም የሚነዱት ሳይክል።

ሳይክል የተማርኩት ባሕር ዳር ነው፣ በሰዓት በሚከራይ ከባድ የወንድ ሳይክል። እግሬ ከላይኛው ብረት በላይ አይደርስም ነበር። ስለዚህ ቀሚሴን ቋጥሬ አንድ እግሬን በብረቶቹ መሀል አሾልኬ፣ ወገቤን ወደ ጎን ሰብሬ እነዳ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ አሜሪካ መጥቼ ሚክስት ላይ ስወጣ፣ ቀሚሴ ሳይነካ እግሬ ተሻገረ፤ ሳይክሉም ከሥሬ ቀጥ ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አራት ገዝቼ አድሻለሁ፤ ለጓደኞቼም አብሬ መርጫለሁ። ይህን የምጽፈው ገዢዎች በቀለሙና በስሙ ተስበው ስለሚገዙ ነው። ገንዘቡንና ጊዜውን የሚበላው ግን ፎቶ ላይ የማይታየው ነገር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ፍሬም ምን ይለየዋል?

የወንድ ሳይክል ጥንካሬው ከሦስት ማዕዘኑ ነው። የላይኛው ብረት ለቀሚስ ሲባል ዝቅ ሲል ሦስት ማዕዘኑ ይፈርሳል። ብረቱ የኮርቻውን ቱቦ መሀሉ ላይ ያርፍበታል፣ ቱቦውም ፔዳል በመቱ ቁጥር እዚያ ጋ ሊታጠፍ ይፈልጋል። ፋብሪካዎች ይህን በወፍራም ብረት ያካክሱታል፤ ሳይክሉ የሚከብደውም ለዚህ ነው። የሚክስት መንታ ቱቦዎች ግን ኮርቻው ጋ አይቆሙም። እዚያ ተያይዘው ያልፉና ጭነቱን በቀጥታ መስመር እስከ ኋላው አክሰል ያደርሱታል። አንዳንዱ ላይ ነጠላ ቱቦ እስከ ኮርቻው ድረስ ይመጣና ከዚያ ወዲያ ሁለት ቀጫጭኖች ይቀጥላሉ፤ ይህም ሥራውን ይሠራል።

ቢሆንም ሚክስት ከሙሉው ሦስት ማዕዘን ጋር እኩል አይጠነክርም። ከኋላ ከባድ ዕቃ ጭነው ቁልቁለት ሲወርዱ መሪው ላይ ትንሽ መወዛወዝ ይሰማል። ልጅና አስቤዛ አንድ ላይ ለመጫን ያሰበ ሰው ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

መስፈርቶቹ

የመጀመሪያው ልክ ነው፣ በሚክስት ላይ ደግሞ ከሌላው ይልቅ ያሳስታል። እግር ማሻገር ቀላል ስለሆነ ትልቁም ትንሹም «የሚሆን» ይመስላል። የውስጥ እግርዎን ርዝመት ያለ ጫማ ይለኩና በ0.88 ያባዙ። ፔዳሎቹ ከሚዞሩበት ማዕከል እስከ ኮርቻው አናት ሊኖር የሚገባው ርቀት በግምት ያ ነው። 78 ሳ.ሜ. ከሆነ ወደ 69 ሳ.ሜ. ይመጣል። ኮርቻው እዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ እጅዎ መሪውን ክርንዎ ሳይወጠር ከያዘ ልኩ የእርስዎ ነው። ካልሆነ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ይለፉት።

ሁለተኛው የብሎን ጥርስና የቱቦ ልክ ነው። ሳይክል ሁሉ አንድ ዓይነት ብሎን የሚቀበል ይመስላል እንጂ የፈረንሳዩ፣ የእንግሊዙና የጃፓኑ ይለያያል። መለዋወጫ በሳምንት ወይም በስድስት ወር መምጣቱን የሚወስነው ይኸው ነው።

ሦስተኛው ቸርኬና ፍሬን ነው። ኒኬል የተቀባ የብረት ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ፍሬን በደንብ አይዝም፤ በእርጥብ አስፋልት ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት ያስደነግጣል። የአሉሚኒየም ቸርኬ በብዙ ይሻላል። የድሮዎቹ ብዙውን ጊዜ 27 ኢንች ናቸው፣ ጎማው የሚያርፍበት ክብ 630 ሚ.ሜ. ነው። የዛሬው 700 ሲ 622 ሚ.ሜ. ነው። በራዲየስ ልዩነቱ 4 ሚ.ሜ. ብቻ ስለሆነ፣ የፍሬኑ ጎማ በክንዱ ቀዳዳ 4 ሚ.ሜ. ዝቅ ማለት ከቻለ ወደ ዘመናዊው መዞር ይቻላል።

አራተኛው የተጣበቀ ነገር ነው። የአሉሚኒየም የኮርቻ ዘንግ በብረት ቱቦ ውስጥ ለ30 ዓመት ያለ ግሪስ ከተቀመጠ ሁለቱ ብረቶች ይያያዛሉ። የመሪው አንገትም እንዲሁ። ከላይ የሚታይ ቀላል ዝገት አያስፈራኝም፤ የማይነቃነቅ ዘንግ ግን ያስፈራኛል።

ክብደቱንና የማርሹን ብዛት በመጨረሻ አያለሁ፤ እነሱ የሚኖሩበት ከተማ ዳገት ይብዛበት ወይስ ሜዳ የሚለውን ብቻ የሚከተሉ ናቸው።

የ1970ዎቹ ፈረንሳይ

በአሜሪካ ከ1971 እስከ 1974 ሳይክል እንደ ጉድ ተሸጠ፤ በ1973 ብቻ 15 ሚሊዮን ገደማ። በዚያ ወቅት ከአውሮፓ ከገቡት መካከል የፔዦ፣ የሞቶቤካን፣ የዢታንና የመርሲዬ ሚክስቶች ይገኙበታል። የፔዦው ዩኦ 18 ዛሬም በየጋራዡ ጥግ ይገኛል። መልካቸው ይማርካል። ቱቦዎቹ በሚገናኙበት ቦታ የተቀረጸ ማያያዣ አላቸው፣ ጠርዙ አንዳንዴ በእጅ በተሳለ ቀጭን ወርቃማ መስመር ይከበባል። የማፋክ ፍሬናቸው ክንዶች መሀል ላይ በሽቦ ይጎተታሉ፣ አጥብቀውም ይይዛሉ። አነዳዳቸው ለስላሳ ነው፤ የተሰነጣጠቀ መንገድ ላይ ይህን የመሰለ ምቾት በአዲስ ሳይክል አላገኘሁም።

ችግሩ ልካቸው ነው። ፔዳሉ የሚዞርበት ቋት 35 ሚ.ሜ. ሆኖ ጥርሱ በ1 ሚ.ሜ. ይራመዳል። የመሪው አንገት 22.0 ሚ.ሜ. ነው፣ የሌላው ዓለም ደግሞ 22.2። ፔዳሉ በ14 ሚ.ሜ. ብሎን ይገባል፤ ዛሬ ሱቅ ያለው 9/16 ኢንች ነው፣ በግድ ካስገቡት የፔዳሉን ክንድ ያበላሻል። የፔዳሉ ክንድ በሽብልቅ ብሎን የሚታሰር ከሆነ ያም 9.0 ሚ.ሜ. ነው፣ የእንግሊዙ 9.5። ብዙዎቹ ላይ ያለው የሲምፕሌክስ ማርሽ ቀያሪ ደግሞ ከፕላስቲክ የተሠራ ነው፣ ሲያረጅ ይሰነጠቃል።

በራሴ የደረሰውን ልናገር። የመጀመሪያው የፈረንሳይ ሚክስቴን ስፈታ ሁሉም ወጣ፣ በሰንሰለቱ በኩል ያለው የቋቱ ክዳን ብቻ ቀረ። ክዳኑን በሞርሳ አስሬ፣ ፍሬሙን በአግድም ይዤ እንደ መኪና መሪ አዞርኩት። የእንግሊዝና የጃፓን ሳይክል ላይ ያ ክዳን የግራ ጥርስ ስላለው ወደ ሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው የሚፈታው፤ እኔም ያንኑ አደረግሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዘይት እየጨመርኩ፣ እያሞቅሁ፣ ክንዴ እስኪዝል ታገልኩ። የፈረንሳዩ በሁለቱም በኩል የቀኝ ጥርስ ነው። ለካ ሰዓት ሙሉ ሳጠብቅ ነበር የቆየሁት። በተቃራኒው ሳዞረው አንድ ደረቅ «ቀጭ» አለና ዝገቱ እንደ በርበሬ ዱቄት ሞርሳው ላይ ረገፈ። ስለዚህ የፈረንሳይ ከገዙ ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት ልኩን ያረጋግጡ። ሞቶቤካን የስዊስ ጥርስ የተጠቀመባቸው ዓመታትም አሉ፤ ልኩ ያው 35 ሚ.ሜ. ሆኖ የሰንሰለቱ በኩል ግን የግራ ጥርስ ነው።

የ1980ዎቹ ጃፓን

ስማቸው አሜሪካዊ ወይም አውሮፓዊ ሆኖ ጃፓን የተሠሩ ብዙ ናቸው። ዩኒቬጋ በሚያታ፣ ኒሺኪ በካዋሙራ፣ የሽዊን ሌ ቱር ደግሞ በፓናሶኒክ ፋብሪካ ይሠሩ ነበር። ፉጂና ብሪጅስቶንም በራሳቸው ስም ሚክስት አቅርበዋል።

እነዚህ ላይ ቋቱ የተለመደው የእንግሊዝ ጥርስ ነው፣ የመሪው አንገት 22.2 ሚ.ሜ.፣ ፔዳሉ 9/16። የፔዳሉ ክንድ በአብዛኛው ሽብልቅ የሌለው አሉሚኒየም ነው። ማርሽ ቀያሪያቸው ሰንቱር ወይም ሺማኖ ነው፤ ሰንቱር በ1964 ያወጣው ያዘነበለ ክንድ ማርሹን በትክክል ስለሚያስቀምጥ ዛሬም ታጥቦ ዘይት ከተቀባ ያለ እንከን ይሠራል። የብየዳቸው ጥራትም ከብዙ የፈረንሳይ ሳይክል የተሻለ ነው።

የሚጎድላቸው ያ የእጅ ሥራ ውበት ነው። ጌጡ ስቲከር ነው፣ ስቲከሩም ይላጣል። ፍሬሙ ላይ «ክሮሞሊ» የሚል ጽሑፍ ካለ ቀለል ያለ ብረት ነው፤ ከሌለ ወይም «ሃይ ቴን» ካለ ከበድ ይላል፣ ግን ለከተማ ይበቃል። የኋላ ጎማ መያዣው ስፋት 126 ሚ.ሜ. ገደማ ነው፣ ባለ 6 ወይም ባለ 7 ማርሽ ጎማ ይቀበላል። ዘመናዊ 130 ሚ.ሜ. ጎማ ለማስገባት ፍሬሙን መለጠጥ የሚያስቡ አሉ። በተራ ፍሬም ላይ የሚደረግ ነው፤ ሚክስት ላይ ግን ከኋላ በየጎኑ ሁለት ሳይሆን ሦስት ቱቦ ስላለ አንዱ ሲለጠጥ ሌላው ይጣመማል። ልምድ ላለው ሰው ይተዉት ወይም 126ቱን ይዘው ይቀጥሉ።

የእንግሊዝ ባለ 3 ማርሽ

ይህ ሚክስት አይደለም፣ ግን ገበያ ላይ ጎን ለጎን ስለሚቀርብ ማነጻጸር ግድ ነው። የራሌ ስፖርትስ የሴት ፍሬም ዓይነተኛው ነው። ላይኛው ብረት ዝቅ ብሎ የኮርቻው ቱቦ ላይ ይቆማል። እግር ለማሻገር ከሚክስት ይቀላል፤ ረጅም የሀበሻ ቀሚስ ለሚለብሱ እናቶች ከሁሉም የሚመቸው እሱ ነው። ማርሹ በኋላ ጎማው ሞዞ ውስጥ ተደብቋል። የስተርሜ አርቸር ኤደብሊው ሞዞ ከ1936 ጀምሮ የተሠራ ነው፤ በቀዳዳው ጥቂት ጠብታ ዘይት እየተሰጠው አሥርት ዓመታት ይኖራል። ሞዞው ላይ የተሠራበት ዓመትና ወር ተመትቶ ስለሚገኝ ዕድሜውን ከሻጩ አፍ መስማት አያስፈልግም። ቆመውም ማርሽ መቀየር ይቻላል፤ መብራት በበዛበት ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

በሌላ በኩል ከባድ ነው፣ ቸርኬው ብረት ነው፣ ሦስቱ ማርሾች ለረጅም ዳገት አይበቁም። የራሌ ቋት ደግሞ በኢንች 26 ጥርስ ያለው የራሱ ልክ ነው፤ የተለመደው 24 ነው። ደግነቱ ቋቱ ውስጥ ያሉትን ኳሶች መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ በየጎኑ 11፣ ሩብ ኢንች።

አዲስ የተሠራ ሚክስት

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከወጡት መካከል ሶማ ቡዌና ቪስታና ሪቨንዴል ቤቲ ፎይ የተባሉት በድሮው ቅርጽ በዘመናዊ ልክ የተሠሩ ናቸው። ዝገት የለም፣ የተጣበቀ የለም፣ ወፈር ያለ ጎማ ይቀበላሉ። ነገር ግን የባዶ ፍሬሙ ዋጋ ብቻ ብዙ ያገለገሉ ሙሉ ሳይክሎች ይገዛል። በየቀኑ ረጅም መንገድ ለሚሄድና እጁን በግሪስ መንካት ለማይፈልግ ሰው ተገቢ ወጪ ነው።

| መስፈርት | ፈረንሳይ 1970ዎቹ | ጃፓን 1980ዎቹ | እንግሊዝ ባለ 3 | አዲስ |
|---|---|---|---|---|
| መለዋወጫ ማግኘት | ከባድ | ቀላል | መካከለኛ | በጣም ቀላል |
| እግር ማሻገር | ቀላል | ቀላል | ከሁሉ የቀለለ | ቀላል |
| ዳገት | ጥሩ | ጥሩ | ደካማ | በጣም ጥሩ |
| በዝናብ ፍሬን | በቸርኬው ይወሰናል | በአብዛኛው ጥሩ | ደካማ | በጣም ጥሩ |
| መልክ | እጅግ ያማረ | ጨዋ | ግርማ ያለው | ያማረ |
| ለማደስ የሚጠይቀው ጊዜ | ብዙ | ጥቂት | መካከለኛ | የለም |
| መግዣ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ከፍተኛ |

እድሳቱን እስከ የት?

አብዛኛው ሰው ማስነሳት ብቻ ነው የሚያስፈልገው፦ አዲስ ጎማና ካላማዳሪያ፣ አዲስ የፍሬን ሽቦ ከነሽፋኑ፣ የፍሬን ጎማ፣ ሰንሰለት፣ ከዚያም ሁሉንም ኩሽኔታ ፈትቶ አሮጌውን ግሪስ ማጽዳትና በአዲስ መሙላት። የድሮ ግሪስ እንደ ሰም ስለሚደርቅ ሳይክሉ «ይሽከረከራል» ብሎ መተው ኳሶቹ የሚዞሩበትን ኩባያ ይበላዋል። የፍሬን ጎማው ከደረቀ ሊሞርዱት አይሞክሩ፣ ይጣሉት፤ ገንዘብ የማይቆጠብበት ቦታ ይህ ነው። የብረት ቸርኬን ጠርዝ ደግሞ በጣትዎ ይዳስሱት፤ ወደ ውስጥ የሚይዝ ከንፈር ከሌለው ጎማውን ብዙ አይንፉ። እኔ ከ70 ፒ.ኤስ.አይ. አላልፍም።

ኒኬል ላይ ያለ ዝገት ውድ ነገር አይፈልግም። የምግብ መጠቅለያ ፎይል ጨምድደው ውሃ ወይም ትንሽ አቼቶ እየነከሩ ያሹት። ፎይሉ ከኒኬሉ ይለሰልሳልና አይቧጭረውም፤ ቡናማው አረፋ ይወጣና ከሥሩ መስታወት ይመጣል። ይህን ለልጄ ሳሳያት መሪውን በሙሉ ራሷ ጨረሰችው፣ ፊቷን እያየችበት። ትናንሽ የዛጉ ብሎኖችን ለብቻ አቼቶ ውስጥ አሳድረው በውሃ አጥበው ወዲያው ያድርቁና ዘይት ይቀቡ፤ እርጥብ ከተዉት በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ይዝጋል።

ቀለሙን በተመለከተ አቋሜ ጽኑ ነው፦ ከዋናው ቀለም 60 በመቶው እንኳ ካለ እንዳለ ይተዉት። አጥበው፣ የተላጠውን ቦታ ዝገቱን አንስተው በተመሳሳይ ቀለም ነጥብ ነጥብ አድርገው፣ በሰም ይጥረጉት። ፍሬሙን አስልጦ በዱቄት ቀለም ማስቀባት ያን በእጅ የተሳለ መስመር ለዘላለም ያጠፋል፤ ወፍራሙ ቀለም የማያያዣዎቹንም ጠርዝ ይደፍነዋል። ዝገቱ ብረቱን ከበላው ወይም የቀደመ ባለቤት በብሩሽ ከለቀለቀው ግን ያስቀቡት፣ አይጨነቁ። በሁለቱም መንገድ የቱቦውን ውስጥ አይርሱ። ፍሬሙ ባዶ ሳለ የተልባ ዘይት አፍስሰው እያገላበጡ ያዳርሱት፣ ትርፉን ያንጠባጥቡት።

የተጣበቀ የኮርቻ ዘንግ ካጋጠመ ዘልቆ የሚገባ ዘይት በየቀኑ ለአንድ ሳምንት ያጠጡት፤ ከዚያ አሮጌ ኮርቻ ከላዩ አስረው እንደ እጀታ ያዙሩት። እምቢ ካለ የቀረው ዘንጉን አናቱ ላይ ቆርጦ በሴጌቶ ምላጭ ከውስጥ በኩል በቁመቱ መሰንጠቅ ነው። የአንድ ሙሉ ቅዳሜ ሥራ ነው፣ ምላጩ ወደ ፍሬሙ ቱቦ እንዳያልፍ በየደቂቃው በባትሪ እያዩ።

ለማን የትኛው?

ገና የመጀመሪያዎ ከሆነና ለሥራ መመላለሻ ከፈለጉት የ1980ዎቹን ጃፓን ይውሰዱ፣ ቢቻል የአሉሚኒየም ቸርኬ ያለውን። እኔ በምኖርበት ከተማ በ150 ዶላር ገዝቼ፣ ወደ 120 ዶላር ጎማ፣ ሽቦ፣ ሰንሰለትና ግሪስ ላይ አውጥቼ፣ በሁለት ቅዳሜና እሁድ ያስነሳሁት ሳይክል አምስተኛ ዓመቱን ይዟል። በጀትዎ 100 ዶላር ብቻ ከሆነ ያው ጃፓኑ ሆኖ ቀለሙ የተበላሸውን ይፈልጉ፤ ሻጮች የሚቀንሱት በመልክ እንጂ በኩሽኔታ አይደለም።

እጅዎ መሣሪያ የለመደ፣ ክረምቱን በሙሉ ጋራዥ ውስጥ ማሳለፍ የሚያስደስትዎ ከሆነ ፈረንሳዩን ይውሰዱ፤ ግን የፔዳል ክንዱ፣ ፔዳሎቹና የመሪው አንገት ሙሉ ሆነው ያሉበትን። የጎደለውን በኋላ እሞላለሁ ብለው አይግዙ። ሜዳ ከተማ ውስጥ ገበያና ቤተ ክርስቲያን ለመድረስ፣ ረጅም ቀሚስ ለብሰው ከሆነ የእንግሊዙ ይበቃዎታል፤ የፊት ቸርኬውን ብቻ ወደ አሉሚኒየም ቢቀይሩ ፍሬኑ ሌላ ሳይክል ይሆናል። ዳገት ላይ የሚኖር፣ በየቀኑ የሚነዳና መግዛት የሚችል ሰው አዲሱን ያስብ።

ሻጩ ደጃፍ ላይ

ትንሽ ማግኔት፣ ሜትር፣ ባለ 6 ሚ.ሜ. ስድስት ማዕዘን ቁልፍና ባለ 13 መፍቻ ይያዙ። ማግኔቱን ቸርኬው ላይ ያስጠጉ፤ ከያዘ ብረት ነው። ከመሪው ሥር ያሉትን ቱቦዎች በጥፍርዎ ወደ ታች ይዳስሱ፤ የተጨማደደ ወይም ያበጠ ቦታ ካለ ሳይክሉ ግንብ መትቷል። ከመንታዎቹ አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ጎብጦ እንደሆነ ከኋላ ቆመው በአንድ ዓይን ይዩ። ከዚያ ሻጩን አስፈቅደው የኮርቻውን ብሎን ያላሉና ዘንጉን ያዙሩት። ከዞረ በምን ያህል እንደሚገዙት መነጋገር ይችላሉ። ካልዞረ ዋጋው በግማሽ ይውረድ፤ እኔ አሁን አሁን አመስግኜ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ።